ኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ በትክክል ምን ማለት ነው? ልጄ ጠይቃኝ መልስ አጣሁላት

የኢየሩ እናት (ፍኖተ ሰላም)

ሰላም ለናንተ ይሁን እንዴት ሰነበታችሁ። ጥያቄየ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። የመጀመሪያ ልጄ ስሟ ኢየሩሳሌም ነው ቤት ውስጥ ኢየሩ ነው ምንላት፣ ዘጠኝ አመቷ ነው። ስሙን ያወጡላት አያቴ ናቸው ነፍሳቸውን ይማርና። እድሜ ልካቸውን ኢየሩሳሌምን ልሳለም እያሉ ሳይሆንላቸው ቀርቶ ልጅቷ ስትወለድ "እንግዲህ እኔ ካልሄድኩ እሷ ትምጣልኝ፣ እየጠራኋት ልሙት" ብለው ነው ያወጡት። በሁለተኛው አመት አረፉ።

ኢየሩ ሰንበት ትምህርት ቤት ስሟ የሰላም ከተማ ማለት እንደሆነ ነግረዋት ደስ ብሏት ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ስታወራ ከርማለች። ባለፈው ማታ ቡና አፍልቼ ተቀምጠን ቴሌቪዥኑ ላይ ስለ ኢየሩሳሌም ሲወራ ሰማች፣ ሚሳኤል ምናምን ጥቃት ምናምን፣ ዝም ብላ ቆይታ "እማየ የሰላም ከተማ ከሆነች ለምንድነው ሁሌ ጦርነት ሚወራባት? ስሜ ውሸት ነው እንዴ?" አለችኝ። ምን ልበላት። ገና ሳልመልስላት ደግሞ "የኛም ከተማኮ የሰላም መንገድ ማለት ነው ብለሽኝ ነበር" ስትለኝ እንባየ መጣ፣ ስኒ ላንሳ ብየ ወደ ጓዳ ገባሁ። ያለፉትን አመታት እኛ ጋ እንዴት እንዳለፍን ምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ስንት ቀን ነው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት የዋለችው።

ከዛ ስልኬ ላይ ስፈልግ ደግሞ ባሰብኝ፣ አንዱ ሀገረ ሰላም ይላል፣ አንዱ የሰላም ርስት ይላል፣ አንዱ ሰላምን ያያሉ ማለት ነው ይላል። ዕብራይስጥ ምታውቁ ካላችሁ ወይ ትርጓሜ የተማራችሁ እባካችሁ ቃሉ ራሱ ምን እንደሆነና መንፈሳዊ ፍቺው ምን እንደሆነ ንገሩኝ። ለልጅ በሚገባ ነገር መመለስ ነው ምፈልገው፣ ስሟን እንዳትጠላብኝ ፈርቻለሁ።


ጣና ዳር (ባህር ዳር)

እህቴ ልጅሽን በሞገስ ያሳድግልሽ። ቀላል ነውኮ፣ ዒር ማለት በዕብራይስጥ ከተማ ነው ሻሎም ማለት ሰላም ነው፣ ሲገጥም ዒር ሻሎም፣ የሰላም ከተማ። ጦርነቱ ሰው ያመጣው ነው ስሙ ምንም አላጠፋም በያት። ሰላም ሚባሉ ሴቶች ሁሉ ስንት መከራ ያያሉ ስማቸው ግን ሰላም ነው። እግዚአብሔር ለሁላችንም ሰላሙን ያምጣልን።


የዋሸራው ተማሪ

በስመ አብ፣ እንዴት ደስ ሚል ጥያቄ ነው የጠየቀችሽ። እኔ ቅኔ የተማርኩት ዋሸራ ነው ከልጅነቴ ጀምሮ፣ ኋላ መንፈሳዊ ኮሌጅ ገብቼ ዕብራይስጥ ሁለት አመት ተምሬያለሁ፣ ሊቅ ነኝ አልልም ግን ይችን ቃል የኔታም ቅኔ ላይ ሲያነሷት በጣም ስለምወዳት ተከታትያታለሁ።

ወንድሜ ጣና ዳር ያልከውን ብዙ ሰው ይለዋል፣ አባቶችም ሀገረ ሰላም ብለው ይተረጉሙታል፣ እንደ ትርጓሜ አይነቀፍም። እንደ ግስ ከሆነ ግን አይሄድም። ከተማ ሚለው ዒር በዐይኑ ዐ ነው ሚጻፈው። በአማርኛ አሌፉን አ እና ዐይኑን ዐ አንድ አርገን ስለምናነባቸው ልዩነቱ አይሰማንም እንጂ በግእዝም በዕብራይስጥም ሁለት ፊደል ናቸው። ኢየሩሳሌም ግን በዕብራይስጥ ሚጀምረው በዮድ ነው፣ በ"የ" ማለቴ ነው፣ ዐይን የለበትም። እኛ ጋ ፊት ላይ ያለችው "ኢ" የመጣችው ግእዙ መጽሐፍ ከግሪኩ ስለተተረጎመ ነው። የሰላም ርስት ሚለውም ከ"የሩሻ" ነው ሚያወጡት፣ ርስት ማለት ነው፣ የኛ "ወረሰ" እና "ርስት" ዘመዱ ነው፣ ግን ያ እንዲሆን ሁለት ሻ ያስፈልግ ነበር፣ ስሙ ላይ ያለው አንድ ሻ ብቻ ነው።

ግሱን ለሚያይ ሰው ቅርቡ "ያራ" ነው። ያራ ማለት ወረወረ፣ ጣለ ነው፣ ድንጋይም ለመሠረት ሲጣል በዚሁ ቃል ይነገራል። መጽሐፈ ኢዮብ 38 ቁጥር 6 ላይ እግዚአብሔር ኢዮብን ስለ ምድር ሲጠይቀው የማዕዘን ድንጋይዋን ማን አቆመ ሚለው በዕብራይስጡ ያራ ነው። እኛስ በአማርኛ መሠረት ጣለ አደል ምንለው፣ እንደዛው ነው። ስለዚ የሩ ሲል የተጣለ መሠረት፣ ሻሌም ሲል ደግሞ ሰላም። መሠረቱ የሰላም የሆነ ቦታ ብትይ ከቃሉ አልራቅሽም። በነገራችን ላይ ተውራት ወይ ቶራ ሚባለውም የሕግ መጽሐፍ ከዚሁ ያራ ከሚለው ግስ ነው ሚወጣው፣ አቅጣጫ ማሳየት ማስተማር ሚል ፍቺም ስላለው፣ የኛ "ኦሪት" ደግሞ በአራማይክ በኩል የመጣ የዛው ቃል ልጅ ነው። ኢሳይያስ 2 ላይ ሕግ ከጽዮን ቃሉም ከኢየሩሳሌም ይወጣል ሲል ዕብራይስጡን ለሚሰማ ሰው ጆሮው ላይ ይገጥምለታል።

አሁን ሻሌምን እይው። ሰላም ሲባል እኛ ቶሎ ሚመጣብን ጦርነት አለመኖሩ ነው። በዕብራይስጥ ግን ሻሌም ማለት ሙሉ፣ ፍጹም፣ ያልጎደለ ማለት ነው። ዘዳግም 27 ላይ መሠዊያው ብረት ባልነካው ድንጋይ ይሠራ ሲል ሻሌም ድንጋይ ነው ሚለው፣ ያልተቀረጸ ያልተሸረፈ። ዘዳግም 25 ላይ ደግሞ የገበያ ሚዛን ሻሌም ይሁን ይላል። አስቢው እስቲ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ጤፍ ሚሰፍረው ሰውየ ቁናውን ሳያጎድል ከሰፈረ ያ ሻሌም ነው። ቁናው ሲጎድል ነው ሰላም ሚጠፋው፣ ቦምቡ በኋላ ነው ሚመጣው። ለዚህ ነው ነቢያቱ ኢየሩሳሌምን ሲገስጿት ጎረቤት አጠቃሽ ብለው ሳይሆን ድሃ አደጉን አልፈረድሽለትም፣ ጽድቅ ያድርብሽ ነበር አሁን ግን ገዳዮች አሉብሽ ብለው የገሰጿት (ኢሳይያስ 1)።

ደግሞ አንድም። የአይሁድ መምህራን ቤሬሺት ራባ በሚባለው የዘፍጥረት ትርጓሜያቸው ላይ እንዲህ ይላሉ፣ አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ ወጥቶ በጉ ሲተካለት ቦታውን ያህዌ ይርኤ ብሎ ጠራው፣ እግዚአብሔር ያያል ማለት ነው (ዘፍ 22)። ከሱ በፊት ደግሞ መልከ ጼዴቅ ሳሌም ብሎ ጠርቶት ነበር (ዘፍ 14)፣ እነሱ መልከ ጼዴቅ የኖኅ ልጅ ሴም ነው ይላሉ። እግዚአብሔርም እንዲህ አለ ይላሉ፣ አብርሃም እንዳለው ይርኤ ብላት ሴም ጻድቅ ነው ቅር ይለዋል፣ ሴም እንዳለው ሳሌም ብላት አብርሃም ጻድቅ ነው ቅር ይለዋል፣ ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ይርኤ ሻሌም ብየ እጠራታለሁ። ይርኤ የኛው ርእየ ነው፣ ራእይ ሚለው የወጣበት። ሰላምን ያያሉ ሚለውን ያነበብሽው ከዚህ አካባቢ ነው፣ የእስክንድርያው ፊሎም በክርስቶስ ዘመን አካባቢ የኖረው አይሁዳዊ ፈላስፋ የሰላም ራእይ ብሎ ተርጉሟታል፣ ብዙ የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ተቀብለውታል።

እኔ ሁሌ ሚገርመኝ ግን የሁለቱ ሰዎች ነገር ነው። አብርሃም ያን ስም ሲያወጣ ቢላዋ ይዞ ነበር። እጁ እየተንቀጠቀጠ የነበረ አባት ነው ያያል ያለው። የከተማዋ ስም ግማሹ የወጣው ሰላም ባለበት ሰአት አደለም እህቴ።


የታሪክ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

መምህር የዋሸራው ጥሩ አርገህ አብራርተኸዋል ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እኔ ታሪክ ነው ማስተምረው በሱ በኩል ልጨምር።

ስሙ ከዳዊትም ከእስራኤልም በፊት የነበረ ነው። የኦሪት አምስቱ መጻሕፍት ላይ ኢየሩሳሌም ሚል ስም አንድም ቦታ የለም፣ ሳሌም ብቻ ነው ያለው፣ ዘዳግምም እግዚአብሔር የሚመርጠው ቦታ እያለ ያልፋታል። መጀመሪያ በስሟ ምትጠራው ኢያሱ 10 ላይ ነው፣ ንጉሧም አዶኒጼዴቅ ይባላል፣ ከመልከ ጼዴቅ ጋር ስሙ እንዴት እንደሚመሳሰል አስተውሉ።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጪ ደግሞ ስሟ የተገኘበት ከሁሉ የቆየው ጽሁፍ የግብፅ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 19ኛው መቶ ዘመን ገደማ፣ ሩሻሊሙም ይላል። የጽሁፉ አይነት ነው ሚያሳዝነው፣ የእርግማን ጽሁፍ ነው። ግብፆች የጠላት ከተሞችንና የገዢዎቻቸውን ስም ሸክላ ላይ ይጽፉና ሸክላውን ይሰብሩታል፣ ስሙ ሲሰበር ከተማውም ይሰበራል ብለው። የሰላም ስም ያላት ከተማ መጀመሪያ የተጻፈችው ልትሰበር ሸክላ ላይ ነው ማለት ነው። ከዛ በ14ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ደግሞ በፈረንጆቹ በ1887 ግብፅ ውስጥ አማርና ሚባል ቦታ በተገኙት የጭቃ ሰሌዳ ደብዳቤዎች ላይ ኡሩሳሊም ተብላ ትመጣለች፣ የከተማዋ ገዢ አብዲ ሄባ ሚባል ሰው ለፈርዖን ጠላት ከቦኛል ቀስተኛ ላክልኝ እያለ ሚለማመጥበት ደብዳቤ ነው። ያኔም ሰላም አልነበራትም።

ሌላው ደግሞ ሶርያ ውስጥ ራስ ሻምራ ላይ በፈረንጆቹ ከ1929 ጀምሮ በተቆፈረው በጥንቷ ኡጋሪት በተገኙ ጽሁፎች ሻሊም ሚባል የከነዓናውያን አምላክ አለ፣ የምሽት አምላክ ነው፣ ወንድሙ ሻሐር የንጋት። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የሩሻላይም ሚለው በመጀመሪያ የሻሊም መሠረት ማለት ነው ይላሉ፣ ኢያቡሳውያን ሲኖሩባት የነበረ ስም ነው። ዳዊት ሲይዛት ምሽጓን የዳዊት ከተማ አለው፣ ስሟን ግን አልቀየረም። እኛ መንቆረርን ደብረ ማርቆስ ብለናል፣ እሱ እንደዛ አላደረገም።


የኢየሩ እናት (ፍኖተ ሰላም)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ቁጭ ብየ ነው ያነበብኩት። ግን መምህር መጨረሻ ላይ ያልከው አስደነገጠኝ። የጣዖት ስም ነው ማለት ነው? አያቴ ይሄን ቢሰሙ ኖሮ ምን ይሉ ነበር፣ ልጄን በጣዖት ስም ነው ምጠራት? ይሄን ለሷ አልነግራትም ግን እኔን ራሴን እንቅልፍ ነሳኝ።


የዋሸራው ተማሪ

እህቴ ፈጽሞ አትደንግጭ። የታሪክ መምህሩ ያለው እውነት ነው፣ እውነት ደግሞ አያስደነግጥም። ሕዝቅኤል 16ን አውጥተሽ አንብቢው፣ እግዚአብሔር ራሱ ለኢየሩሳሌም ምን እንደሚላት፣ ትውልድሽ ከከነዓን ምድር ነው አባትሽ አሞራዊ እናትሽም ኬጢያዊት ናት ይላታል። ከዛ ስትወለጂ እትብትሽ አልተቆረጠም በውሃ አልታጠብሽም በሜዳ ተጥለሽ ነበር፣ በደምሽ ሆነሽ አየሁሽ፣ በሕይወት ኑሪ አልኩሽ ይላታል። አየሁሽ! ይርኤ ያልነው አደል። ከየት እንዳነሳት አልደበቀም፣ ያነሳት እሱ ነው፣ ስሟን ደግሞ እሱ ሞላው። ዳዊት ያልቀየረው ለዚህ ይመስለኛል፣ ሚቀየር ነገር አልነበረውም፣ ሰላምም ሙሉነትም የማን እንደሆነ ያውቃል።

የምሽቱን ነገር ደግሞ እኔ ወድጄዋለሁ እንኳን ልጠላው። ጀምበር ስትጠልቅ ቀኑ ይሞላል፣ ከብቱ ይገባል፣ እረኛው ይገባል፣ እናት ልጆቿን ትቆጥራለች። ሁሉም ከገባ ሻሌም ነው። ገጠር ያደገ ሰው ይሄ አይጠፋውም።

ስለ ጣዖት ስታስቢ ደግሞ ዕብራውያን 7ን እይው። መልከ ጼዴቅን ሲተረጉመው መጀመሪያ የጽድቅ ንጉሥ ኋላም የሳሌም ንጉሥ ማለት የሰላም ንጉሥ ይለዋል። ቅደም ተከተሉን ያዢልኝ፣ መጀመሪያ ጽድቅ ከዛ ሰላም። ጽድቅ ካልቀደመ ሰላም ሚባለው ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለኢየሩ ጥያቄ ከመጽሐፍ መልስ ስጥ ብትይኝ መጀመሪያ ምሰጣት ይሄን ነው።

ሳልረሳው፣ ዕብራይስጡ የሩሻላይም ነው ሚለው፣ የመጨረሻዋ "አይም" ደግሞ አለች። በዕብራይስጥ አይም ሁለት ለሆኑ ነገሮች ነው፣ ያዳይም ሁለት እጅ፣ ዔናይም ሁለት ዓይን፣ ራግላይም ሁለት እግር። መጽሐፉ ላይ ስሟ ከ600 ጊዜ በላይ ሲጻፍ ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው ዮድ የተጻፈችው አምስት ቦታ ብቻ ነው፣ ሲነበብ ግን ሁሌ የሩሻላይም ተብሎ ነው ሚነበበው። ስለዚህ መምህራኑ ሁለት ኢየሩሳሌም አለ ይላሉ፣ የላይኛዋና የታችኛዋ። ታልሙድ በሚባለው የአይሁድ መምህራን መጽሐፍ ላይ ራቢ ዮሐናን እግዚአብሔር የታችኛዋ ኢየሩሳሌም ሳልገባ የላይኛዋ አልገባም አለ ብሎ ያስተምራል። ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ ገላትያ 4 ላይ ላይኛይቱ ኢየሩሳሌም ነፃ ናት እርስዋም እናታችን ናት ይላል። ቅኔ ለተማረ ሰው ይሄ ሰምና ወርቅ ነው፣ ታችኛዋ ሰሟ ላይኛዋ ወርቋ። የኔታ ግን ሁሌ ሚሉን ነገር ነበር፣ ሰሙን የናቀ ወርቁን አያገኝም። የታችኛዋን መከራ ዝም ብሎ የላይኛዋን ብቻ ሚያወራ ሰው ሳይ ይሄ ነው ሚመጣብኝ። ጌታ ራሱ ደብረ ዘይት ላይ ሆኖ የታችኛዋን አይቶ አልቅሷል፣ ለሰላምሽ የሚሆነውን ብታውቂ ኖሮ ብሏት (ሉቃስ 19)፣ ስሟን እየጠራ ነው ያለቀሰው ማለት ይቻላል።


አልማዝ ዘሞጣ

ደስ ሚል ውይይት ነው ሁላችሁም ተባረኩ። እኔ ቋንቋውን አላውቅም ግን ስለ አያትሽ ያልሽው ነካኝ። የኔ እናት ሄዳ ተሳልማለች ከማኅበር ጋር ብር አጠራቅማ፣ ለትንሣኤ ነው የሄደችው። ስትመጣ ስንጠይቃት ስለ ሕንፃው ብዙ አላወራችም፣ ዴር ሱልጣን የኛ መነኮሳት በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ነው ሚኖሩት፣ ትንንሽ የጭቃ ጎጆ ነው፣ ልክ የኛ ገዳም ነው ሚመስለው አለች፣ እዛ ጣራ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ እንደዋለች ነው ምትነግረን።

እና የዋሸራው ተማሪ ስለ ሻሌም ያልከውን ሳነብ አንድ ነገር መጣብኝ፣ ልክ ከሆነ ንገረኝ። እኛ ኢየሩሳሌምን አየሁ አንልም፣ ጎበኘሁም አንልም፣ ተሳለምኩ ነው ምንለው። ደጁንም እንሳለማለን መስቀልም እንሳለማለን። መሳለም እና ሳሌም አንድ ነው እንዴ?


የዋሸራው ተማሪ

እሙየ እንዴት ያለ ነገር ነው ያነሳሽው፣ አንድ ነው! ሰ ለ መ፣ በዕብራይስጥ ሻ ላ ማ። ተሳለመ በግእዝ ሰላም ተባባለ፣ ሰላምታ ሰጠ ነው፣ በኛ ደግሞ መሳሙም ታከለበት። ስለዚህ ኢየሩሳሌምን ተሳለመ ስንል ሰላምን ሰላም አለ እንደማለት ነው። መዝሙር 121 ላይ (በዕብራይስጡ አቆጣጠር 122) ለኢየሩሳሌም ሰላምን ለምኑ ሚለው በዕብራይስጥ ሻአሉ ሸሎም የሩሻላይም ነው፣ ሻ ሸ ሻ እያለ ቅኔ ነው፣ ሻአሉ የኛ ሰአለ፣ ሰአሊ ለነ ምንለው። የሰላም ስም ላላት ከተማ ሰላም ለምኑላት ተባለ፣ ምክንያቱም ስሟ ልመና ነው። ኢየሩሳሌም ያለ ሁሉ አንዴ ጸልዮላታል። የኢየሩ አያት እየጠራኋት ልሙት ያሉት ሳያውቁት ይሄንን ነው፣ ወይም እያወቁ፣ የድሮ ሰው አይናቅም።

መዝሙር 75ም አለ፣ ዕብራይስጡ ማደሪያው በሳሌም ነው ሲል ግሪኩና የኛ ግእዝ ዳዊት በሰላም ብለውታል። አባቶቻችን ዳዊት ሲደግሙ ከተማዋን በትርጉሟ ነው የጠሯት ማለት ነው።


ከድር (ሞጣ)

አሰላሙ አለይኩም። እኔ ሙስሊም ነኝ ስከታተላችሁ ነበር ካልከበዳችሁ ትንሽ ልበል። እኛ አል ቁድስ ወይ በይተል መቅዲስ ነው ምንላት፣ ቁድስ ማለት ቅድስና ነው፣ እናንተ ቅዱስ ቅድስት ምትሉት ጋር አንድ ስር ነው። የኔም እናት እንደ አልማዝ እናት ስሟን ስትሰማ እጇን ትዘረጋለች። ስሟ ሦስት ቋንቋ ላይ አንድም ሰላም አንድም ቅዱስ መሆኑ ይገርመኛል። ለኢየሩ እናት ልጅሽን አላህ ያሳድግልሽ።


የሰከላ ልጅ

ጎጃሞች ሆናችሁ እንዴት ግዮንን ማንም አላነሳም? ኢየሩሳሌም ከተማ የተቆረቆረችው በምንጭ ነው፣ ምንጩ ደግሞ ግዮን ይባላል! 1ኛ ነገሥት 1 ላይ ሰለሞን በዳዊት በቅሎ ተቀምጦ ወርዶ የተቀባው ግዮን ላይ ነው፣ ሕዝቅያስ ደግሞ ጠላት ሲመጣ ውሃው ወደ ከተማው ውስጥ እንዲገባ ዓለቱን አስፈልፍሎ 533 ሜትር ሚሆን ዋሻ አሰርቷል እስካሁን ውሃ ይሄድበታል። የኛው ግዮን ደግሞ ዘፍጥረት 2 ላይ የኢትዮጵያን ምድር የሚከብበው፣ አባቶቻችን ዓባይ ነው ያሉት፣ ግሽ ዓባይ እኛ ሰከላ ነው ሚፈልቀው። ቃሉ በዕብራይስጥ ገንፍሎ መውጣት ማለት ነው። እኔ እንደ ልጅ ጸበሉን ለመቅዳት ስሄድ ትንሽ ነገር ነው ምታዩት፣ ሣር ውስጥ ያለች ጉድጓድ፣ ግን እሷ ናት ግብፅ ድረስ ምትሄደው። ለኢየሩ ይሄን ንገሪያት፣ ከተማዋና አገሯ የአንድ ስም ውሃ ነው ሚጠጡት።


የኢየሩ እናት (ፍኖተ ሰላም)

ለሁላችሁም እንዴት ብየ እንደማመሰግን አላውቅም። ዛሬ ከቅዳሴ ስንመለስ መንገድ ላይ ነገርኳት። ሁሉንም አደለም፣ ጣዖቱን ትቸዋለሁ ስታድግ ራሷ ታነበዋለች። የሸክላውን ነገርኳት፣ ስሟን ጽፈው እንደሰበሩትና ሸክላው እንደተሰበረ ስሙ ግን እንዳልተሰበረ፣ አይኗ ፈጦ ነው የሰማችኝ። የአብርሃምንም ነገርኳት እሱን ታውቀዋለች። ከዛ ስምሽ ማለት የሰላም መሠረት ነው፣ መሠረቱ ተጥሏል ቤቱ ግን ገና ነው አልኳት።

ዝም ብላ ሄደች ሄደችና "እንደ አጎቴ ቤት ነዋ" አለችኝ። ወንድሜ ከሦስት አመት በፊት መሠረት አስወጥቶ ነበር፣ ከዛ መንገዱ ሲዘጋ ሲሚንቶ ጠፍቶ፣ ሲገኝ ደግሞ ዋጋው ሰማይ ነክቶ እንደዛው ቆሟል። ድንጋዩ መሀል ሣር በቅሎበታል። የሰፈሩ ልጆች ላዩ ላይ ነው ሱዚ ሚጫወቱት፣ እኔ ባለፍኩ ቁጥር ሆዴን ይበላኝ ነበር። እሷ ግን "እናቴ መሠረቱኮ አልተነቃነቀም፣ ስንዘልበት እንኳን አይነቃነቅም" አለችኝ።

ማታ መዝሙር 121ን አብረን አነበብን እሷ ናት ያነበበችው። አሁን ደብተሯ ሽፋን ላይ ስሟን እንደ ዕብራይስጡ አነባበብ በኛ ፊደል መጻፍ ፈልጋለች፣ ነገ ትምህርት ቤት ልታሳይ። የዋሸራው እንዴት ነው ምትጽፈው? ስታነበውስ የቱ ላይ ነው ጠንከር ምታደርገው?


የዋሸራው ተማሪ

የሩሻላይም። "ላ" ላይ ረገጥ ታርግ።